«ወያላው ደግሞ መምህር ሆነ?»

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው። ጸሐፊው ስሜ አይውጣ ስላለ ስሙን ትቼዋለሁ። ረዘም ያለ ስለነበር ጥቂት አሳጥሬዋለሁ።

«እትዬ፣ ዕድሜዬ 27 ነው። የሚኒባስ ታክሲ ሹፌር ነኝ። ከዚያ በፊት አምስት ዓመት ረዳት ነበርኩ። ልጅ ሆኜ ያደግኩት ሰንበት ትምህርት ቤት ነው። በ17 ዓመቴ ጥዬ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ከሥራ መልስ በርጫ፣ ከበርጫ በኋላ ጨብሲ፣ ከዚያ ጠብ። የእናቴን ወርቅ ሸጬ የጠጣሁበት ቀን አለ። የዛሬ ሦስት ዓመት የሰፈር ልጆች ‹ለጥምቀት ምንጣፍ አብረን እናንጥፍ› ብለው ጠሩኝ። እሺ ብዬ ሄድኩ፤ በዚያው ተመለስኩ። ንስሐ ገባሁ። ጫቱንም መጠጡንም ተውኩ። ባለፈው ወር የሰንበት ትምህርት ቤታችን ሰብሳቢ ጠርቶኝ ‹የሕፃናት ክፍል አስተማሪ እንድትሆን መርጠንሃል› አለኝ። ደስታም ድንጋጤም ሆነብኝ። ወሬው እንደተሰማ አንድ የድሮዬን የሚያውቅ ሰው ከቅዳሴ ስንወጣ በር ላይ ‹ወያላው ደግሞ መምህር ሆነ?› አለ። አጠገቡ የነበሩት ሳቁ። ከዚህ በላይ የሚያሳፍረኝ ግን ሌላ ነው። ቁጣዬ አልለቀቀኝም። ሰሞኑን አንዲት ተሳፋሪ ‹መልሴን አልሰጠኝም› ብላ ከረዳቴ ጋር ስትከራከር፣ ከመሪው ዞሬ ክፉ ቃል ተናገርኳት። እናቴን የምታክል ሴት ናት። እንዲህ ሆኜ ሕፃናት ፊት ቆሜ ስለ ፍቅር ላስተምር? ‹አይሆንልኝም፣ ሌላ ፈልጉ› ልላቸው ወስኛለሁ። ከማለቴ በፊት ግን ልጠይቅሽ ብዬ ነው።»

ወንድሜ፣ መልሴን ከፊት ልንገርህና ምክንያቱን ቀስ ብለን እናውራ። እምቢ አትበል። ግን ዝም ብለህም እሺ አትበል። በመካከሉ የምታደርጋቸው ነገሮች አሉ።

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ሁለት ኀፍረት አንድ ላይ አስረህ ነው የላክህልኝ። አንዱ የበሩ ላይ ነው፤ ሰውየው የተናገረው። ሌላው የመሪው ላይ ነው፤ አንተ የተናገርከው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ስለ ድሮው ሰው ነው። ያንን ሰው ይዘህ ንስሐ አባትህ ፊት ቀርበሃል፣ ቀኖናህን ተቀብለሃል፣ ፈጽመሃል። እግዚአብሔር ይቅር ያለውን በደል ሰውየው በር ላይ ቆሞ ቢያነሳው፣ የተከፈለ ዕዳ እንደመጠየቅ ነው። ሁለተኛው ግን የዛሬ ነው። እሱ ሥራ ይፈልጋል። የድሮውን እያሰብክ ስታለቅስ የዛሬውን እንዳትረሳው እፈራልሃለሁ። የድሮው ኀፍረት ሰውን ያስቀምጠዋል፤ የዛሬው ግን ተነስተህ እንድትሠራ ነው የሚጠራህ።

የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ሰንበት ትምህርት ቤት ስላደግክ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ፤ ዛፉን ሰባት ጊዜ የሞከረችውን ትል አልደግምልህም። ብዙ የማይነሳ ሰው ላንሳልህ። ማርቆስን።

ወንጌላዊውን ማርቆስ ማለቴ ነው። በሐዋርያት ሥራ ላይ ወጣት ሆኖ እናገኘዋለን። እናቱ ማርያም ኢየሩሳሌም ቤት ነበራት፤ ጴጥሮስ ከእስር ቤት በመልአክ ሲወጣ በቀጥታ የሄደው ወደዚያ ቤት ነው፤ ብዙዎች ተሰብስበው እየጸለዩ ነበር። ያደገው እንደ አንተ ጉባኤ ውስጥ ነው ማለት ነው። ጳውሎስና በርናባስ ለስብከት ሲወጡ ረዳት አድርገው ወሰዱት። ረዳት የምትለዋን ቃል ልብ በል። ከዚያ ጵንፍልያ ላይ ሲደርሱ ትቷቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ። ለምን እንደተመለሰ መጽሐፉ አይነግረንም። ፈርቶ ይሁን፣ እናቱ ናፍቃው ይሁን፣ መንገዱ ከብዶት ይሁን። ብቻ ጥሎ ሄደ።

በኋላ ሁለተኛው ጉዞ ሲመጣ በርናባስ «ማርቆስን ይዘነው እንሂድ» አለ። ጳውሎስ አይሆንም አለ። «ከእኛ ተለይቶ የሄደውን ሰው እንዴት እንወስደዋለን?» ነው ነገሩ። እንዲያው ቀለል ያለ አለመግባባት አይደለም። ሁለት ታላላቅ ሐዋርያት በዚህ ልጅ ምክንያት ተለያዩ። ጳውሎስ ሲላስን ይዞ በአንድ መንገድ ሄደ። በርናባስ ማርቆስን ይዞ በመርከብ ወደ ቆጵሮስ ሄደ።

አሁን እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ ጳውሎስን ክፉ ያደርገዋል። እኔ አልስማማም። ጳውሎስ የሚሄድበት መንገድ ዱላና እስር ያለበት ነው፤ መሃል ላይ የሚጥለው ሰው ይዞ መሄድ አልፈለገም። መተማመን አንዴ ከጠፋ ተሠርቶ ነው የሚመለስ። በርናባስ ደግሞ ዘመዱን አልተወውም። የበርናባስ ስም ትርጓሜ «የመጽናናት ልጅ» ነው፤ እንደ ስሙ ሆነለት። ዓመታት አለፉ። ጳውሎስ ታስሮ ለቈላስይስ ሰዎች ሲጽፍ፣ ማርቆስ ወደ እናንተ ቢመጣ ተቀበሉት አላቸው። ሊሞት ሲቃረብ ደግሞ ለጢሞቴዎስ «ማርቆስን ይዘኸው ና፣ ለአገልግሎት ይጠቅመኛል» ብሎ ጻፈ። ያ ጵንፍልያ ላይ ጥሎት የሄደው ልጅ!

የታሪኩን ቀሪ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን መንገር አያስፈልግም ነበር፤ ግን ልበለው። ማርቆስ እስክንድርያ ወርዶ ሰበከ። የእስክንድርያ መንበር እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃን ከእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ከቅዱስ አትናቴዎስ ተሹመው ከመጡበት ከ4ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ፣ አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ እስከሆኑበት እስከ 1951 ዓ.ም ድረስ ግንኙነታችን ከዚያ መንበር ጋር ነበር። ክህነታችን የመጣልን በማርቆስ መንበር በኩል ነው። አንተ የተጠመቅክበትም እጅ ወደ ኋላ ቢቆጠር እዚያ ይደርሳል። «ይሄ ልጅ አይሆንም» ተብሎ ወደተመለሰው ወጣት።

ስለዚህ የሰንበት ትምህርት ቤትህን ሰብሳቢ እንደ በርናባስ እየው። ስምህን ሰምቶ፣ ሰፈሩ የሚለውን ሰምቶ ነው የጠራህ። ሦስት ዓመት አይቶሃል። እኔ ሰብሳቢውን አላውቀውም፤ ግን ሕፃናት የሚሰጥህ ሰው ገምቶ አይደለም የሚሰጥህ ብዬ አምናለሁ።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለብኝ። «እግዚአብሔር ደካሞችን ይመርጣል» የሚለውን ቃል አንዳንዱ ለመሸፈኛ ይጠቀምበታል። የሰው ገንዘብ የበላ፣ ልጅ ላይ እጁን ያነሳ ሰው ሳይቀር «ሁላችንም ኃጢአተኞች ነን» ይልና ወዲያው መድረክ ላይ ይወጣል። ይህ አይሆንም። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ስለሚሾም ሰው ሲጽፍ አዲስ ክርስቲያን አይሁን፣ ለወይን ጠጅ የሚሸነፍ አይሁን፣ የሚጨቃጨቅ አይሁን ብሎ ቆጥሮ ነው የሰጠው። ያ ለክህነት ቢሆንም ልጆች ፊት ለሚቆም ሰውም ይሠራል። የቤተ ክርስቲያንን ሙዳየ ምጽዋት ሰርቆ ንስሐ የገባ ሰው ይቅር ይባላል፤ የሙዳየ ምጽዋቱ ቁልፍ ግን በማግስቱ አይሰጠውም። ልጅ ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ደግሞ ንስሐ ቢገባም የሕፃናት ክፍል ቦታው አይደለም። የአንተ ነገር ይህ አይደለም። ባለፈው ራስህን ነው የጎዳኸው፤ እናትህን ነው የጎዳኸው። ግን ልዩነቱን ማወቅ አለብህ፤ ነገ አንተ ራስህ አስተማሪ ስትመርጥ ይጠቅምሃል።

እናትህን ካነሳን አይቀር፣ የወርቁን ነገር አልጨረስክልኝም። መለስክላት? ዘኬዎስ ጌታ ቤቱ በገባ ቀን የበደልኩትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ነው ያለው። የወርቅ ዋጋ ዛሬ የት እንደደረሰ አውቃለሁ፤ በአንድ ጊዜ አይቻልም። ግን ትንሽ ትንሽ አስቀምጥ። ዕቁብ ግባ። ቢያንስ አንዲት የጆሮ ጌጥ በእጇ አድርግላት። እናት «እሱንማ ትቼልሃለሁ» ትላለች፤ ስታደርገው ግን ፊቷን ታየዋለህ።

አሁን ወደ ቁጣህ ልምጣ። ለዚህ ደግሞ ሙሴ ጸሊምን፣ ጥቁሩን ሙሴ ማለት ነው፣ ጠርቼልሃለሁ። ሰኔ 24 የምናከብራቸውን አባት። በ4ኛው መቶ ዓመት ግብፅ ውስጥ የሽፍቶች አለቃ ነበሩ። ግዙፍ፣ ጉልበተኛ፣ ሰው የሚፈራቸው። ሸሽተው አስቄጥስ ገዳም ገቡ፤ እዚያ መነኮሱ። ሰው የሚያስበው መነኮሱና አለቀ ነው። አላለቀም። ከመነኮሱ በኋላም የድሮው ፈተና ዓመታት ታገላቸው። እየደጋገሙ ወደ መምህራቸው ወደ አባ ኤስድሮስ ሄደው «አልቻልኩም» ይሉ ነበር። አባ ኤስድሮስ አንድ ቀን ጣሪያ ላይ አውጥተው ንጋቱን አሳዩአቸው ይባላል። ብርሃኑ ጨለማውን ቀስ በቀስ ነው የሚያባርረው፤ አንተም እንዲሁ ነው አሏቸው።

በዚያ ሁሉ ትግል መካከል አባ ሙሴ ምን ያደርጉ ነበር መሰለህ? ሌሊት ሌሊት እየተነሱ የሽማግሌ መነኮሳትን እንስራ ይሰበስባሉ። ውኃው ሩቅ ነው። ሞልተው ተሸክመው መጥተው በየማደሪያቸው ደጃፍ ያስቀምጣሉ። አረጋውያኑ ጠዋት ሲነሱ ውኃው ሞልቶ ያገኙታል። ፈተናው እስኪያልፍ ቁጭ ብለው አልጠበቁም። እየታገሉ አገለገሉ። እኔ ይህን ታሪክ በጣም ነው የምወደው፤ የአገልግሎትን ነገር ያስረዳኝ እሱ ነው። አንተ ያሰብከው «መጀመሪያ ልጽዳ፣ ከዚያ አገለግላለሁ» ብለህ ነው። አባ ሙሴ ግን የጸዱት እንስራ ተሸክመው ነው።

በኋላ ለክህነት ሲመረጡ ሊቀ ጳጳሱ ነጭ ልብስ አልብሷቸው «እነሆ ሁለንተናህ ነጭ ሆነ» ቢሏቸው፣ «በውጭ ነው ወይስ በውስጥም?» ብለው መለሱ። ሊፈተኑም ወደ መቅደስ ሲገቡ ካህናቱ በመልካቸው ሰድበው «ውጣ» አሏቸው። ወጡ። አልተማቱም፤ ያ ሽፍታ የነበሩ ሰው። አገልግሎቱንም ጥለው አልሄዱም። ይህን የምነግርህ ስድቡ ልክ ነበር ለማለት አይደለም። የበርህ ላይ ሰውም ልክ አይደለም። ግን አየህ፣ ቁጣህ የሚፈተነው እዚያ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ያንን ሰው ታገኘዋለህ። ቀድመህ «እንደምን አደሩ» በለው። ሌላ ምንም አትጨምር።

ወያላ ስለመባልህም ልበል። አምስት ዓመት በር ላይ ተንጠልጥለህ ሰው ቤቱ እንዲገባ ያደረግክበት ሥራ ነው። አሮጊት ደግፈህ አውርደሃል፣ ዝናብ ላይ የቆመ ተማሪ ጠርተሃል፣ ዘንቢል ተቀብለሃል። የጌታ ደቀ መዛሙርት ዓሣ አጥማጆችና ቀራጭ ነበሩ። በሥራህ አትፈር።

ከልጅነቴ አንድ ሰው ትዝ አለኝ፤ ላጫውትህ። የሕፃናት ክፍል ሳለሁ ያስተማሩን ሰው በወጣትነታቸው ጠጪ እንደነበሩ ሰፈሩ ያወራ ነበር። ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ በግራ እጃቸው የቀኙን አንጓ ጥብቅ አድርገው ይይዛሉ። «አቡነ ዘበሰማያት» የሚለውን ሲጽፉ ጠመኔው ሰሌዳው ላይ ታ፣ ታ፣ ታ ይላል። ፊደላቱ ሞገድ ሞገድ ይሆናሉ። አንድ ቀን አንዱ ልጅ፣ ደፋር ነበር፣ «ጋሼ፣ እጅዎት ለምን እንዲህ ይሆናል?» አላቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ጠመኔውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ ብዙ እጠጣ ነበር። እግዚአብሔር አወጣኝ። እጄ ግን እስካሁን ይነግረኛል» አሉ። ከዚያ ጠመኔውን አነሱና ቀጠሉ። ከዚያ በኋላ ከእሳቸው ክፍል የቀረ ልጅ አላስታውስም። እኔ ዛሬም አቡነ ዘበሰማያት ስደግም ያቺ የጠመኔ ድምፅ ትሰማኛለች።

ልጆች ፍጹም ሰው አይፈልጉም፤ የሚያስመስል ሰው ግን ወዲያው ያውቃሉ።

እንግዲህ እሺ ከማለትህ በፊት ንስሐ አባትህ ዘንድ ሂድ። ጥሪውንም ቁጣውንም አንድ ላይ ንገራቸው። ለሰብሳቢው የነገርከኝን ሁሉ አትደብቅ፤ የተሳፋሪዋን ነገር ጭምር። «ይህን አውቃችሁ ከሆነ የመረጣችሁኝ እሺ» በለው። ይህን ስትለው ፍርሃትህ ግማሹ ይሄዳል፤ በኋላ ማንም «አልነገረንም ነበር» አይልህም። ብቻህንም አትጀምር። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ከነባር አስተማሪ ጋር ረዳት ሆነህ ግባ። ረዳትነት ታውቅበት የለም? ማርቆስም እንዲያ ነው የጀመረው። ሕፃናቱን አሰልፍ፣ ምንጣፉን አንጥፍ፣ ጫማቸውን አስተካክል፣ ያለቀሰውን አባብል። የአንተ እንስራ ይኸው ነው።

ሴትዮዋን ፈልጋት። በአንተ መስመር የምትመላለስ ከሆነ አንድ ቀን ደግማ ትሳፈራለች። ያን ቀን ወርደህ፣ ሰው እየሰማ፣ «እናቴ፣ ያን ቀን ያልሆነ ነገር ተናግሬያለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ» በላት። ስትሰድባት ሰው ሰምቶ የለ? ይቅርታውንም ይስማ። መልሷንም ካልወሰደች ስጣት። ካላገኘሃት የእሷ ነገር ለንስሐ አባትህ ይሁን፤ እሳቸው የሚሉህን አድርግ።

ለቁጣው ደግሞ አንዲት ተግባራዊ ነገር። ቁጣ የሚመጣብህ መቼ እንደሆነ አስተውል። ርቦህ ነው? እንቅልፍ አጥተህ ነው? ለመኪናው ባለቤት የምታስገባው ሒሳብ ሲጎድል ነው? የሹፌር ቁጣ ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው የሚመጣ። ጾሙን ሳታፈርስ ሌሊት በደንብ ተኛ። ሰው ሲናገርህ ከመሪው አትዙር። አንድ ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ብለህ እስክትጨርስ ወደ ፊት ተመልከት። በጣም ከከበደህና እጅህ ወደ ሰው መሄድ ከጀመረ፣ ጸሎቱ እንዳለ ሆኖ የሥነ ልቦና ባለሙያም አማክር፤ ነውር የለውም።

ጴጥሮስ ጌታን የካደው የፍም እሳት ዳር ቆሞ እየሞቀ ነው። ከትንሣኤ በኋላ ጌታ ባሕር ዳር ሲጠብቀው እዚያም ፍም አንድዶ፣ ዓሣ አስቀምጦበት ነበር። ያን የፍም ሽታ ጴጥሮስ ያውቀዋል። እዚያው ፍሙ አጠገብ ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» አለው፤ ሦስት ጊዜም በጎቼን ጠብቅ አለው። «ከእንግዲህ አትሳሳትም ወይ?» ብሎ አልጠየቀውም። ስለ ፍቅሩ ብቻ ነው የጠየቀው።

አንተስ ትወደዋለህ? ከደብዳቤህ እንደገባኝ ትወደዋለህ። እንግዲያው ለሰብሳቢው እሑድ መልስህን ስጥ። ያንን የጥምቀት ምንጣፍ ጠቅልለህ በትከሻህ ተሸክመህ ከታቦቱ ፊት የሮጥክበትን ቀን አስታውስ፤ ያን ቀን ማንም ማን እንደሆንክ አልጠየቀህም፣ አንተም አልጠየቅክም፤ ምንጣፉ እንዲደርስ ብቻ ነበር የምትሮጠው።

ከሕፃናቱ ጋር የመጀመሪያው ቀን እንዴት እንደዋለ ጻፍልኝ። ስንት ልጅ እንዳለቀሰም ጻፍልኝ። የእናትህንም ነገር አትርሳ።